አስመሳዩ ካልኩሌተር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ የጣርማ በርን ዋሻ ሲሻገር ብርዱን ከኋላው ይተወዋል። ደብረ ሲናን፣ አርማንያን፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢትን እያለፈ ሲወርድ መጀመሪያ ካፖርቱን ያወልቃል፣ ቀጥሎ የመኪናውን መስኮት ይከፍታል፣ ጀውሃ ሲደርስ ላቡን እየጠረገ ውሃ ይጠይቃል። በዚህ የይፋት ቆላ ቀትር ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የመጀመሪያ ሐሳቡ የግራር ጥላ ነው። ጥላ ከተገኘ ደግሞ ገበጣ አይጠፋም። ከእንጨት የተፈለፈለ ገበጣ ተሸክሞ ግጦሽ የሚወርድ የለም። መሬቱ ላይ ጉድጓድ በረድፍ ይማሳል፣ ጠጠር ይለቀማል፣ ጨዋታው ይጀመራል። ዝናብ መጥቶ ጉድጓዶቹን ቢደፍናቸውም የሚያዝን አይኖርም፤ ነገ ሌላ ቦታ ይማሳላ!

ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ ጽፏል። ባለ ሁለት ረድፍ፣ ባለ ሦስት ረድፍ፣ ባለ አራት ረድፍ ገበጣ አለ፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ ባማረ እንጨት ላይ፣ ሜዳ ላይ በአፈር ጉድጓድ። ሁሉም ቦታ ግን ተጫዋቹ “ገበጣ” የሚለው እንጨቱን ወይም አፈሩን ብቻ አይደለም። ጠጠሩ ከየትኛው ጉድጓድ ተነሥቶ ወዴት እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚበላ የሚደነግገው ሕግ ነው ጨዋታው። ሕጉን የሚያውቅ ልጅ የቤተ መንግሥቱን ገበጣ አፈር ላይ ማጫወት ይችላል።

የኮምፒውተር ባለሙያዎች ለዚህ ሥራ ስም አላቸው፤ ኢሚዩሌሽን ይሉታል። አንድ ማሽን የሌላውን ማሽን ሕግ ተምሮ በእሱ ቦታ ሲሠራ፣ ያን ሥራ የሚያሠራው ፕሮግራም ኢሚዩሌተር ይባላል። በአማርኛ “አስመሳይ” ብሎ መተርጎም በተቻለ ነበር፤ ችግሩ ቃሉ ስድብ ነው። ሰው አስመሳይ ሲባል ያፍራል። ማሽን ግን አስመሳይነቱ በተዋጣ ቁጥር ይመሰገናል።

የዚህ ምዕራፍ አስመሳይ ማንም የማይጠረጥረው ዕቃ ነው፤ ካልኩሌተር። ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ ማሾ ወይም ሽንኩርት በኩንታል የሚገዛ ነጋዴ ሚዛኑ አጠገብ የሚያስቀምጣት፣ ቁልፎቿ ትልልቅ የሆኑ፣ ደምራ፣ ቀንሳ፣ አባዝታ የምትመልሰዋ ግን አይደለችም። የምሕንድስና ተማሪዎች የሚይዙት ሳይንና ኮሳይን የሚያወጣውም አይደለም። ከሁለቱ በላይ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ቀመር ሲሰጡት ግራፉን በስክሪኑ ላይ የሚስል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ የሚገኘው ይህ ግራፊንግ ካልኩሌተር ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር ይበልጣል። የኢትዮጵያ ተማሪ ግን ሎጋሪዝም ሲፈልግ የለመደው የመማሪያ መጽሐፉን የመጨረሻ ገጾች መግለጥ ነው፤ ቁጥሮቹ እዚያ በሰንጠረዥ ተደርድረዋል። (ሰንጠረዥ የሚለው ቃል በአማርኛ የነገሥታቱ ጨዋታም ስም መሆኑ ለዚህ ምዕራፍ ሳይታሰብ የተገኘ ስጦታ ነው።)

ግራፍ ለመሳል ስክሪን ያስፈልጋል። ስክሪኑን ነጥብ በነጥብ የሚያዝ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል፣ ቀመሩን የሚይዝ ማስታወሻ ያስፈልጋል፣ አቅጣጫ የሚጠቁሙ አራት ቁልፎች ያስፈልጋሉ። ስክሪን፣ ፕሮሰሰር፣ ማስታወሻ፣ የቀስት ቁልፍ። አምራቾቹ የሒሳብ መሣሪያ እንሠራለን ብለው የጌም መሣሪያ ሠርተው አረፉት።

ዝምድናው ግን ከዚህም ይጠልቃል። ቢዚኮም የተባለ የጃፓን ካልኩሌተር አምራች በ1960ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ምዕራፍ የውጭ አገሩ ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ለአዲስ ካልኩሌተሩ ቺፕ እንዲሠራለት ኢንቴልን ጠየቀ። ኢንቴል ያኔ ገና ትንሽ ኩባንያ ነበር። የተጠየቀው ብዙ የተለያዩ ቺፖችን ነበር፤ መሐንዲሶቹ ግን ሥራውን በፕሮግራም የሚታዘዝ አንድ ቺፕ ይሸከመው አሉ። 1971 ላይ የወጣው ኢንቴል 4004 በዚህ መንገድ ተወለደ። በውስጡ 2,300 ያህል ትራንዚስተር ነበረው፤ በገበያ የተሸጠ የመጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰር የሚባለውም እሱ ነው። ኢንቴል ቺፑን ለሌላም ደንበኛ መሸጥ እንዲችል ለቢዚኮም 60,000 ዶላር መልሶ መብቱን ወሰደ። በቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የረከሰ ግዢ ማግኘት ያስቸግራል።

ቺፑን የነደፈው ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ፋጂን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢንቴልን ለቆ ዚሎግ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። ከቢዚኮም በኩል አብሮት የሠራው ጃፓናዊው ማሳቶሺ ሺማም ተከተለው። ሁለቱ በ1976 ዜድ-80ን አወጡ። ይህች ቺፕ ለቤት ኮምፒውተሮች፣ ለመጫወቻ አዳራሽ ማሽኖች፣ በኋላም ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ከ1990 ጀምሮ ለሸጣቸው ለቲአይ-81፣ ለቲአይ-83 እና ለቲአይ-84 ካልኩሌተሮች ሕይወት ሰጥታለች። ካልኩሌተር የወለደው ቤተሰብ ዞሮ ካልኩሌተር ቤት ገባ ማለት ነው። ዚሎግ የዜድ-80ን የመጨረሻ ትዕዛዝ የተቀበለው ሰኔ 2024 ላይ ነበር፤ ቺፗ ያኔ 48 ዓመቷ ነበር።

ጌሙም ራሱ የመጣው ከዚያው ሰፈር ነው። ጉንፔ ዮኮይ የኒንቴንዶ መሐንዲስ ነበር። በፈጣኑ የጃፓን ባቡር ሲጓዝ አንድ የቢሮ ሠራተኛ መንገዱ ረዝሞበት የኪስ ካልኩሌተሩን ቁልፎች ዝም ብሎ ሲነካካ አየ። ሰውየው የሚያሰላው ነገር አልነበረውም፤ ጊዜ እየገደለ ነበር። ዮኮይ ራሱ እንደተረከው፣ አንድ ቀን የኩባንያውን ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺን በመኪና ሲያደርስ ይህን ነገር አነሣበት፤ በካልኩሌተር ልክ የተሠራ ትንሽ መጫወቻ ቢኖርስ? በ1980 ጌም ኤንድ ዎች የተባለው የኪስ ጌም ተሸጠ። ስክሪኑም ቺፑም ከካልኩሌተር ኢንዱስትሪ የመጡ ነበሩ፤ ሻርፕና ካሲዮ በካልኩሌተር ዋጋ ሲፎካከሩ የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ረክሶ ነበርና። ዮኮይ አዲስና ውድ ቴክኖሎጂ አያምረውም ነበር። የበሰለውን፣ የረከሰውን፣ ሌላው የሰለቸውን ዕቃ ወስዶ ባልታሰበ ቦታ ማዋል ነበር ፍልስፍናው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ የኒንቴንዶ የኪስ መጫወቻ ጌም ቦይ ወጣ። አራት ባትሪ፣ አራት ደረጃ ያለው አረንጓዴማ ግራጫ፣ በስፋት 160 በቁመት 144 ነጥብ ያለው ስክሪን፣ 8 ኪሎባይት የሥራ ማስታወሻ። ፕሮሰሰሩን የሠራው ሻርፕ ሲሆን፣ የውስጥ ሰዓቱ በሰከንድ 4.19 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታው ይህ ቺፕ የዜድ-80 የቅርብ ዘመድ ነው። ኋላ ከመጣው ባለ ቀለሙ ወንድሙ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። የጌም ቦይን ጌም በቲአይ-84 ፕላስ ላይ ማጫወት ይቻላል?

አስመሳይ ፕሮግራም በተለመደው መንገድ የሚሠራው እንደ ገበያ አስተርጓሚ ነው። ከጀውሃ ብዙም በማይርቀው በሰንበቴ የእሑድ ገበያ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛና አርጎብኛ ይገናኛሉ። በመካከል የሚቆም ሰው ሻጩ አንድ ቃል ሲናገር ሰምቶ፣ ትርጉሙን አስቦ፣ ለገዢው በገዢው ቋንቋ ይናገራል፤ ከዚያ ቀጣዩን ይሰማል። ኢሚዩሌተርም የጌም ቦዩን ትእዛዝ አንድ ያነባል፣ ምን ማለት እንደሆነ ይለያል፣ ያንኑ ሥራ በራሱ ማሽን ይሠራል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ችግሩ ፍጥነት ነው። ጌም ቦይ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ቀላል ትእዛዞችን ይፈጽማል። ቲአይ-84 ፕላስ በሰከንድ 15 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ሲካፈል ለአንድ የጌም ቦይ ትእዛዝ የሚደርሰው 15 ምት ነው። የዜድ-80 አጭሩ ትእዛዝ ራሱ 4 ምት ይፈልጋል። ስለዚህ አስተርጓሚው ለመስማት፣ ለማሰብና ለመናገር ያለው ጊዜ ቢበዛ ሦስት አጫጭር ትእዛዝ ነው። አይበቃም። ከዚያ የቀደመው ቲአይ-83 ፕላስ 6 ሚሊዮን ምት ብቻ ስላለው ለእሱ ነገሩ ጭራሽ የማይታሰብ ነበር።

ቲአይ-ቦይ የተባለውን ኢሚዩሌተር የጻፈው ፕሮግራመር ያገኘው መላ ዝምድናውን መጠቀም ነው። ሁለቱ ቺፖች ዘመድ ከሆኑ አስተርጓሚው ለምን ሁሉን ይተረጉማል? ሻጩና ገዢው የሚግባቡበትን ቃል ትቶ የማይግባቡበትን ብቻ ቢያቃናስ? እናም አብዛኛውን የጌም ቦይ ኮድ እንዳለ ለካልኩሌተሩ ፕሮሰሰር ሰጠው፤ የሚለያዩበትን ቦታ እያደነ መጠገን ሆነ ሥራው።

ዝምድና ግን ወጥመድም አለው። “ገዛ” የሚለውን ቃል አማርኛ ተናጋሪ ሲያየው ዕቃ የገዛ ወይም አገር የገዛ ሰው ይታየዋል፤ ለትግርኛ ተናጋሪ ቤት ነው። ፊደሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሌላ። በአሥራ ስድስት መሠረት ቁጥር 22 ተብሎ የሚጻፈው ኮድም እንደዚሁ ነው። ለጌም ቦይ “የያዝከውን ቁጥር እዚህ አድራሻ አስቀምጥና አድራሻውን በአንድ ከፍ አድርግ” ማለት ሲሆን አንድ ባይት ብቻ ይወስዳል። ዜድ-80 ግን ይህንኑ 22 ሲያይ “ከእኔ ቀጥለው ያሉት ሁለት ባይቶች አድራሻ ናቸው፣ ጥንድ መዝገቡን እዚያ አስቀምጥ” ብሎ ይረዳል። ሦስት ባይት ዋጠ ማለት ነው። አንድ ቃል በስሕተት ከተነበበ የሚቀጥሉት ሁለቱ ቃላት ይዋጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል፣ ካልኩሌተሩም ይደርቃል።

አንድ የማይታመን ዕድልም አለ። ጌም ቦይ ትልቅ ጌም በ16 ኪሎባይት እየቆራረጠ፣ ተራ በተራ አንድ ቋሚ የአድራሻ መስኮት ውስጥ ያሳያል። ቲአይ-83 ፕላስና ቲአይ-84 ፕላስም የማስታወሻ ገጻቸው 16 ኪሎባይት ነው፤ ገጹ የሚገለጥበት የአድራሻ መስኮትም ያው ነው። የኒንቴንዶና የቴክሳስ መሐንዲሶች አልተማከሩም። በየራሳቸው መንገድ ሄደው አንድ ጓዳ ውስጥ ተገናኙ።

ስክሪኑ ላይ ግን ዕድል አልነበረም። ጌም ቦይ የሚያሳየው 23,040 ነጥብ ነው፤ የድሮው ቲአይ-84 ፕላስ ያለው 96 በ64፣ ማለትም 6,144። ሩብ ያህል። ወይ ምስሉን መጨፍለቅ፣ ወይ ከፊሉን ብቻ ማሳየት ነው። ግራጫም የለውም፤ ነጥቡ ወይ ጥቁር ነው ወይ ባዶ። ግራጫ የሚመስል ነገር ለማግኘት ነጥቡን ቶሎ ቶሎ ማብራትና ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ያ የዝግተኛ ስክሪን ድንግዝግዝ ለዓይን ግራጫ ይመስላል። ድምፅ ማውጫም የለም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ስክሪን ላይ መጫወት ደስታው ከመጫወቱ ሳይሆን ከመቻሉ ነው።

በ2015 የመጣው ቲአይ-84 ፕላስ ሲኢ ይህን ሥቃይ አቀለለው። ባለ ቀለም ስክሪኑ 320 በ240 ነጥብ አለው፣ የዜድ-80 ልጅ የሆነው ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 48 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ ጌም ቦይም በሙሉ ፊቱ ብቅ አለ። ከፍ ያለው ቲአይ-ኤንስፓየር ደግሞ በስልክ ውስጥ የምናውቀው የአርም ፕሮሰሰር ስላለው፣ እሱም አርም የሆነውን የ2001ዱን ጌም ቦይ አድቫንስ ሳይቀር አስመስሏል። እዚህ አስተርጓሚው ብልሃቱን ለወጠ፤ አንድን ንግግር አንዴ ተርጉሞ ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል፣ ያው ንግግር ሲደገም አዲስ ሳያስብ ከወረቀቱ ያነባል። የካሲዮ ፕሪዝም የኒንቴንዶን የቤት መጫወቻ አስመስሏል፤ የፈረንሳዩ ነምወርክስም የጌም ቦይ ኢሚዩሌተር ተጽፎለታል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ጌም የሌለበት ታሪክ ነው። ሂውሌት-ፓካርድ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለካልኩሌተሮቹ ሳተርን የተባለ የራሱ ፕሮሰሰር ነበረው። መሐንዲሶች እነዚያን ካልኩሌተሮች እንደ ዓይናቸው ብሌን ያዩዋቸው ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያው ወደ አርም ሲዞር፣ የብዙ ዓመት የተፈተነ ሶፍትዌር ጥሎ ከዜሮ መጀመር አልፈለገም። በ2003 የወጣው ኤችፒ 49ጂ ፕላስ፣ በኋላም ኤችፒ 50ጂ፣ በአርም ቺፕ ላይ ሳተርንን የሚያስመስል ፕሮግራም ይዘው ተሸጡ። ገዢው ቁልፉን ሲጫን የሚመልስለት የሌለ ቺፕ ነው። አስመሳዩ ፋብሪካ ውስጥ ተሹሞ መጣ። ካልኩሌተሩም ከቀደመው ይፈጥን ነበር።

አምራቾች ግን ሌላው ሲያስመስልባቸው አይወዱም። የቲአይ-83 ፕላስ የውስጥ ሥርዓት በኩባንያው ዲጂታል ፊርማ የታሸገ ነበር፤ ፊርማ የሌለውን ሥርዓት ካልኩሌተሩ አይቀበልም። የፊርማው ቁልፍ ግን 512 ቢት ብቻ ነበር። በ2009 አንድ አድናቂ ተራ የቤት ኮምፒውተሩን ለሁለት ወር ተኩል ያህል አሠርቶ ቁልፉን ሰበረው፤ ሌሎችም ተባብረው የቀሩትን ካልኩሌተሮች ቁልፎች ሰበሩ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በቅጂ መብት ሕግ አስፈራራ፤ የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ደግሞ ለአድናቂዎቹ ቆመ። በ2020 ኩባንያው በአዲስ የሶፍትዌር ዕትም ተማሪዎች በማሽኑ ቋንቋ የሚጽፏቸውን ፕሮግራሞች በቲአይ-84 ፕላስ ሲኢ ላይ ዘጋ። ምክንያቱ ፈተና ነበር፤ ካልኩሌተር ውስጥ ጌም መደበቅ የሚችል ተማሪ ማስታወሻም መደበቅ ይችላል። ብዙም ሳይቆይ ማለፊያ ተገኘለት።

የፈተና ሥጋት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ገብተው ስልክ ሳይዙ እንዲፈተኑ የተደረገው ለዚሁ ነው። ልዩነቱ መፍትሔው ነው። እዚህ መሣሪያው በር ላይ ይቀራል። እዚያ መሣሪያው አብሮ ስለሚገባ ውጊያው መሣሪያው ሆድ ውስጥ ሆነ፤ በዚያ ውጊያ ደግሞ ትርፍ ጊዜ ያለው የ16 ዓመት ልጅ ከኩባንያ ጋር እኩል ሲታገል ኖሯል።

ልጅ ሲታገል ምን እንደሚሆን በኢትዮጵያም ታይቷል፤ በካልኩሌተር ሳይሆን በታብሌት። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካው ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት የኦሮሚያ መንደሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ የሞቶሮላ ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አስቀመጠ። አስተማሪም መመሪያም አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ የማብሪያውን ቁልፍ አገኘ። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። የስክሪኑን ገጽታ እንዳይቀይሩ የተጫነባቸውንም ሶፍትዌር አልፈው እያንዳንዱ ልጅ ታብሌቱን የራሱ አስመሰለ። ኔግሮፖንቴ ስለ ፕሮጀክቱ ሲያወራ ትንሽ ቢያሞቅ አይገርምም፤ ፕሮጀክቱ የእሱ ነው። ቢሆንም ካሜራው የተከፈተው ልጆቹ ጠላፊ ለመሆን አስበው አልነበረም። ዕቃው ካሜራ እንዳለው ዓይኑን አይተዋል፣ የማይሠራበት ምክንያት አልታያቸውም።

ዛሬ በይፋት ቆላም ሆነ በአዲስ አበባ ይህን የማስመሰል ሥራ የሚሠራው ስልክ ነው። የድሮ ፕሌይስቴሽን ጌሞች በኢሚዩሌተር አማካይነት ከስልክ ወደ ስልክ በሼርኢትና በዜንደር ይሻገራሉ፤ የአሜሪካ ተማሪዎች ካልኩሌተሮቻቸውን በገመድ አገናኝተው ጌም ይቀዳዱ እንደነበረው። ጌሞቹ ባለቤት አላቸው፤ ኢሚዩሌተሩን መጻፍና የሰው ጌም መቅዳት በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ደግሞ በተቃራኒው ሄዶ ገበጣን ራሱን ለስልክ ሠርቶታል።

ገበጣ ለማንኛውም ማሽን ቀላል እንግዳ ነው። ባለ ሁለት ረድፉን፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ ያለውን እንውሰድ። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ጠጠር ብዛት በአንድ ባይት ይያዛል፣ ሲደመር 12 ባይት። ጌም ቦይ ካለው 8,192 ባይት የሥራ ማስታወሻ ላይ ይህ ሲቀነስ 8,180 ይተርፋል። የማን ተራ እንደሆነ ለመያዝ ደግሞ አንድ ባይት ይጨመር፤ ጀውሃ ግራር ሥር ይህን የሚይዘው የተጫዋቾቹ ክርክር ነው።